“እዚያ ጋ” የት ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ቀስ በቀስ ይጠፋል)

ይህ ለወላጆችና ለአፀደ ሕፃናት መምህራን የምናቀርበው ትምህርታዊ ዝግጅት ነው።

ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ቡና ተፈልቷል እንበል። ጀበናው ማቶቱ ላይ ተቀምጧል፤ እጀታው ወደ እናንተ ቀኝ ዞሯል። ከረከቦቱ ማዶ፣ ፊት ለፊታችሁ፣ አንዲት ጎረቤት ተቀምጣለች። ለእሷ እጀታው ያለው በየትኛው እጇ በኩል ነው?

(ጥቂት ዝምታ)

በግራ እጇ በኩል ነው። አብዛኞቻችሁ አግኝታችሁታል። ግን በምን አገኛችሁት? ጀበናው አጠገባችሁ የለም፤ ሥዕልም አላሳየኋችሁም። አንዳንዶቻችሁ በሐሳብ ተነስታችሁ ጎረቤቲቱ ቦታ ሄዳችሁ ቁጭ ብላችኋል። ሌሎቻችሁ ጀበናውን እዚያው ማቶቱ ላይ አዙራችሁታል። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ፣ በእጃችሁ ያልነካችሁትን ነገር በዓይነ ኅሊናችሁ አንቀሳቅሳችኋል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን የቦታ ግንዛቤ ይሉታል። አንድ ነገር ከሌላው አንጻር የት እንዳለ፣ ቢዞር ምን እንደሚመስል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይገጥም እንደሆነ ቀድሞ ማየት ነው። ልብስ ሰፊው መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ጠፍጣፋው ጨርቅ ትከሻ ላይ ሲወጣ የሚይዘውን ቅርጽ ያየዋል። የሚኒባስ ሾፌር በመስታወት እያየ ጠባብ ቦታ ውስጥ ወደኋላ የሚገባው በዚሁ ችሎታ ነው። ቧንቧ ሠራተኛውም፣ ቀዶ ሐኪሙም፣ ጣሪያ የሚያዋቅረው አናጺም ያለ እሱ ሥራቸው አይሄድም። ዛሬ የምንነጋገረው ሕፃናት ይህን ችሎታ በእንጨት ብሎክ ጨዋታ እንዴት እንደሚያዳብሩት ነው። ብሎክ የምለው በእጅ የሚያዝ፣ ጠርዙ የተስተካከለ የእንጨት ቁራጭ ነው። የምጠራቸው ዓመቶች ደግሞ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1971 ሮጀር ሼፓርድና ጃክሊን ሜትዝለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሥዕሎች አሳዩ። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ያለው፣ 10 ኩቦች ተጣብቀው የተሠራ፣ እዚህም እዚያም የታጠፈ ቅርጽ ነበር። ሰዎቹ የተጠየቁት “ሁለቱ አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?” ተብለው ነው። ውጤቱ ዛሬም ድረስ በየመማሪያ መጽሐፉ ይጠቀሳል፤ አንደኛው ሥዕል ከሌላው አንጻር ይበልጥ በዞረ ቁጥር፣ መልሱ የሚወስደው ጊዜም በዚያው ልክ ይረዝማል። ሰዎቹ ቅርጹን በእጃቸው እንደያዙት ሁሉ በአእምሯቸው ደረጃ በደረጃ ያዞሩት ነበር ማለት ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ለአዋቂዎች ፈተና የተመረጠው ቅርጽ የተሠራው ሕፃናት ከሚጫወቱበት ኩብ መሆኑ ነው።

“ይህ እኮ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም” የሚል አድማጭ ይኖራል። እኛ ዘንድ “እሱ አቅጣጫ አያውቅም” ተብሎ አንድ ጊዜ የተፈረደበት ሰው ዕድሜ ልኩን እንደዚያው ነው። በ2013 ዴቪድ ኡታልና የሥራ ባልደረቦቹ በጉዳዩ ላይ የተሠሩ 217 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ የቦታ ግንዛቤ በሕፃንም በአዋቂም ዘንድ በልምምድ እንደሚሻሻል አሳይተዋል። መሻሻሉም ወዲያው የሚተን አልነበረም።

እንግዲህ እኛም እንለማመድ። አራት ባዶ የክብሪት ቀፎ ፈልጉ፤ ክብሪቱን አውጥታችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። እስክታመጡ እጠብቃለሁ።

(ሙዚቃ፤ ለአጭር ጊዜ)

አመጣችሁ? የመጀመሪያውን ቀፎ በሰፊው ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አጋድሙት፤ ርዝመቱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ። ሁለተኛውን በጠባቡ ጫፉ አቁሙትና ከተጋደመው በስተቀኝ አስጠጉት፤ ሰፊው ፊቱ የተጋደመውን ይንካ። ሦስተኛውንም እንደዚሁ አቁማችሁ በስተግራ በኩል አስጠጉት። አሁን ግራና ቀኝ ሁለት ምሰሶ፣ በመካከላቸው ደግሞ አንድ ወለል አላችሁ። አራተኛውን ቀፎ ከሁለቱ ምሰሶዎች አናት ላይ እንደ ጣሪያ አጋድሙት።

ምን ሆነ? ወደቀ፤ ምሰሶዎቹ መካከል ሰመጠ። የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ እኔ ሆን ብዬ ነው። ሁሉም ቀፎዎች እኩል ናቸው። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ልክ የአንድ ቀፎ ርዝመት ስለሆነ ጣሪያው የሚያርፍበት የለውም። ምን ይሻላል? መፍትሔውን ከመስማታችሁ በፊት እጃችሁ ይሞክር።

ወለሉን ሩብ ዙር አዙሩት፤ ርዝመቱ አሁን ወደ ደረታችሁ ይምጣ። ምሰሶዎቹን እንደገና ወደ ጎኑ አስጠጉ። ክፍተቱ ጠበበ፤ ጣሪያው ግራም ቀኝም የሚያርፍበት ጠርዝ አገኘ። ይህን ችግር ልጆች ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ማንም ሳያዛቸው ይጋፈጡታል። ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን በዚህ ልምምድ ውስጥ ያለፈ አንድ ነገር ላሳያችሁ።

ሬዲዮ ላይ ጣት መቀሰር አይቻልም። ስለዚህ “እዚያ ጋ አድርጉት” ልላችሁ አልቻልኩም። በሰፊው ፊቱ፣ በጠባቡ ጫፉ፣ በስተቀኝ፣ ከአናቱ ላይ፣ በመካከል፣ ሩብ ዙር እያልኩ ቦታውን ሁሉ በስሙ መጥራት ነበረብኝ። ቤታችን ውስጥ ግን ልጅ ሲጫወት የምንለውን አስታውሱ። “ማሙሽ፣ እዚያ ጋ አድርገው። ኧረ እንደዚያ አይደለም፤ ወዲህ! እንደሱ፤ ጎበዝ።” ልጁ ገብቶታል፤ ጣታችንን አይቶ ቦታውን አግኝቷል። ከቃላቱ ግን አንዲት የቦታ ቃል አልተረፈችለትም።

የዛሬው ዝግጅት ዋና ጉዳይ ይኸው ነው። ብሎክ ብቻውን ጥሩ መጫወቻ ነው፤ ከብሎኩ ጋር የቦታ ቃል ሲጨመርበት ነው ትምህርት ቤት የሚሆነው።

ይህን የምለው ከራሴ ብቻ አይደለም። በ2011 ሻነን ፕሩደን፣ ሱዛን ሌቪንና ጃኔለን ኸተንሎከር ያሳተሙት ጥናት 52 ሕፃናትን ከ14 ወር እስከ 46 ወር ዕድሜያቸው በየቤታቸው የተከታተለ ነው። ወላጆቹ ከልጆቻቸው ጋር ሲውሉ የሚሉት ተቀርጾ የቦታና የቅርጽ ቃላቱ ተቆጠሩ፤ ትልቅ፣ ረጅም፣ ክብ፣ ጥግ፣ ጠርዝ፣ የታጠፈ የመሳሰሉት። ብዙ የሰሙት ልጆች ራሳቸውም ብዙ ተናገሩ። እነዚያ ብዙ የተናገሩት ደግሞ አራት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው ቅርጽን በሐሳብ የማዞርና የማመሳሰል ፈተና ላይ የተሻለ ሠሩ። ቃሉ ለልጁ እንደ መያዣ እጀታ ያገለግለዋል፤ “ጠርዝ” የሚለውን ያወቀ ልጅ ዓይኑ ጠርዙን ይፈልጋል።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ድሃ አይደለም። ከላይ፣ ከታች፣ ከሥር፣ ከአናት፣ ከጎን፣ ከማዶ፣ ከወዲህ፣ ውስጥ፣ ውጭ፣ መሃል፣ ዳር፣ ጥግ፣ ጫፍ፣ ትይዩ፣ አግድም፣ ሰያፍ፣ ግርጌ፣ ራስጌ። ሌላው ቀርቶ ተገለበጠ፣ ተዘቀዘቀ፣ ተጋደመ፣ ዘመመ የሚሉት ግሶች አራት የተለያዩ አቀማመጦችን ይነግሩናል። “ማማው ዘሟል” ማለት “ሊወድቅ ነው” ከማለት በላይ ያስተምራል፤ ልጁ ወደየት እንደዘመመ እንዲያይ ይጋብዘዋል።

አሁን ወደ ጨዋታው ልመለስ። ሕፃናት ብሎክ የሚገነቡበትን ቅደም ተከተል መጀመሪያ በደንብ ያስተዋለችው ሃሪየት ጆንሰን የተባለች የኒው ዮርክ መምህርት ናት፤ በ1933 ያሳተመችው ትንሽ መጽሐፍ ዛሬም ይጠቀሳል። በመጀመሪያ ልጁ አይገነባም፤ ይሸከማል። ብሎኩን ከዚህ ወደዚያ ያመላልሳል፣ ይወረውራል፣ ይቀምሳል። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ክብደቱንና ጠርዙን እያወቀ ነው። ከዚያ መደርደርና መካብ ይመጣል። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ስድስት ያህል ኩብ መካብ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ የምናገረው የለኝም፤ ልጅ ካብ ሲያፈርስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

ከካብ ቀጥሎ የሚመጣው ድልድይ ነው፤ ቅድም በክብሪት ቀፎ የሠራችሁት። ለአዋቂ ቀላል የሚመስለው ይህ ሥራ ለሕፃን ትልቅ ግኝት ነው። እስካሁን ቦታ ማለት እንጨቱ ያለበት ብቻ ነበር። አሁን በሁለት እንጨቶች መካከል ያለው ባዶም መጠን እንዳለው ይገባዋል፤ ባዶውን መለካት አለበት። ጣሪያው ሲያጥርበት አንዳንዱ ልጅ ያንኑ እንጨት ደጋግሞ ይሞክራል፤ አንዳንዱ ይበሳጫል፤ አንዳንዱ ረዘም ያለ ፈልጎ ይመጣል። ምሰሶውን ማስጠጋት የሚመጣለት ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። እዚህ ጋ ነው የወላጅ እጅ የሚያሳክከው። እባካችሁ እጃችሁን ያዙት! “ጣሪያው አጠረ አይደል? ምሰሶዎቹ ተራርቀዋል መሰለኝ” ብላችሁ ዝም በሉ።

ከድልድይ ቀጥሎ አጥር አለ። አራት እንጨት ወስዶ አንድን ቦታ ዙሪያውን መዝጋት። ልጁ ሁለቱን ትይዩ ያደርግና ሦስተኛውን ማዞር ይከብደዋል፤ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። አንድ ቀን ሩብ ዙር ያዞረዋል፤ ጥግ ይፈጠራል። አጥሩ ሲዘጋ ውስጥና ውጭ የሚባል ነገር ይወለዳል፤ ወዲያው ላም ይገባበታል፣ በር ያስፈልገዋል፣ ዘበኛ ይቀጠራል። የእኛ ልጆች በእቃ እቃ ጨዋታ ድንጋይ ደርድረው “ይኼ ጓዳ ነው፣ ይኼ ሳሎን ነው” ሲሉ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። እቃ እቃን “ዝም ብሎ ጨዋታ” የምንል ሰዎች በትክክል አላየነውም።

ከዚያ በኋላ ግራና ቀኙ የሚመሳሰል ንድፍ፣ ለሠሩት ነገር ስም መስጠት፣ በመጨረሻም አስቀድሞ አቅዶ መገንባት ይመጣሉ። አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ “አውቶቡስ ተራ ልሥራ” ብሎ ይነሳል፤ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ስም ፍለጋ አይሄድም። ዕድሜውን ግን እንደ ሕግ አትያዙት፤ ብሎክ ነክቶ የማያውቅ የስድስት ዓመት ልጅም በመሸከምና በመካብ ነው የሚጀምረው፤ ቶሎ ቶሎ ያልፈዋል እንጂ።

ስለ ብሎኩ ራሱ ትንሽ ታሪክ ላንሳ። በ1782 ጀርመን ውስጥ የተወለደው ፍሪድሪክ ፍሮቤል አፀደ ሕፃናትን ከመመሥረቱ በፊት በርሊን ውስጥ በማዕድን ሙዚየም የክሪስታል ድንጋዮችን ሲያጠና ነበር። በኋላ ለሕፃናት ካዘጋጃቸው መጫወቻዎች አንዱ በስምንት እኩል ትናንሽ ኩቦች የሚበተን አንድ ትልቅ ኩብ ነው፤ ልጁ ይበትነዋል፣ እንደገና ሙሉ ያደርገዋል። የክሪስታል አጥኚ ዓይን እዚያ ውስጥ አለች ብዬ አምናለሁ። የፕሩሺያ መንግሥት ግን በ1851 አፀደ ሕፃናትን እምነትና ሥርዓት የሚያናጋ ነው ብሎ ከለከለ፤ ፍሮቤልም ክልከላው ሳይነሳ በዓመቱ አረፈ።

ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን የእንጨት ብሎክ ያወጣችው ደግሞ አሜሪካዊቷ ካሮላይን ፕራት ናት። በ1914 ኒው ዮርክ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። የብሎኳ ምስጢር መጠኑ ላይ ነው። ውፍረቱን እጥፍ ብታደርጉት ወርዱ ይመጣል፤ ወርዱን እጥፍ ብታደርጉት ርዝመቱ። በእኛ መለኪያ ውፍረቱ 3.5፣ ወርዱ 7፣ ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ግማሽ አለ፤ እጥፍ አለ። ልጁ ረጅም እንጨት ሲያልቅበት ሁለት ግማሾች አንድ ሙሉ እንደሚሆኑ በራሱ እጅ ይደርስበታል። ዓመታት ቆይቶ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ክፍልፋይ ሲጽፍ፣ ይህ ልጅ የሚያስታውሰው ነገር ይኖረዋል።

ታዲያ ይህን ከየት እናምጣ? ከአናጺ ቤት። አናጺ ዘንድ የሞራሌና የጣውላ ቁራጭ አይጠፋም፤ ብዙውን ጊዜ ማገዶ ነው የሚሆነው። ዋንዛም ይሁን ጽድ፣ ዋናው ነገር ውፍረቱና ወርዱ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ከርዝመቱ ሙሉ፣ ግማሽና እጥፍ መኖሩ ነው። ጥቂት ቢሆን ዋጋ የለውም፤ 40 ወይም 50 ቁራጭ ካለ ሁለት ልጆች ያለ ጠብ ይጫወታሉ። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይታሽ፤ ስንጥር እንዳይወጋ። ቀለም አትቀቡት፤ ሕፃን ወደ አፉ ይወስደዋል፣ አንዳንድ ቀለም ደግሞ እርሳስ አለበት። ለኮንክሪት ማፍሰሻ ያገለገለ ጣውላ ከሆነ ሚስማሩ ተፈትሾ ይውጣ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ቆርኪና ብይ አብራችሁ አትስጡ፤ ይዋጣል።

አናጺ ሩቅ ከሆነም ባዶ የክብሪት ቀፎ፣ የሳሙና ካርቶን፣ ተፈርክሶ የማይበተን የደረቀ የጭቃ ጡብ ይሠራል። ከውጭ የሚመጣውን በቀለም ያሸበረቀ መጫወቻ መግዛት ግዴታ አይደለም። እንዲያውም ብልጭ ድርግም የሚልና የሚዘፍን ከሆነ ልጁ ተመልካች ይሆናል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ሴት ልጆች። በ2015 ጄሚ ጂሩትና ኖራ ኒውኮምብ አሜሪካ ውስጥ ከ4 እስከ 7 ዓመት የሆኑ 847 ሕፃናትን መረጃ መርምረው፣ በብሎክና በመሳሰሉት ዘወትር የሚጫወቱት የመገጣጠም ፈተና ላይ የተሻለ ነጥብ እንዳላቸው አገኙ። ጨዋታው ብቻውን ነው ያመጣው ማለት ግን አይቻልም፤ ችሎታ ያለው ልጅም መገጣጠም ሊወድ ይችላል። እኔን የቆረቆረኝ ሌላው ግኝታቸው ነው፤ ወላጆቻቸው እንደተናገሩት ከሴቶቹ ይልቅ ወንዶቹ ነበሩ ብዙ የሚጫወቱበት። እኛም ቤት ወንዱ ሽቦ አጣሞ መኪና ሲሠራ፣ ሴቷ አሻንጉሊት ታዝላለች ወይ እናቷን ታግዛለች። ብሎኩ ቤት ሲገባ “የወንድምሽ ነው” አይባል። አሻንጉሊቷ ቤት ያስፈልጋታል፤ ቤቱን ሚጣ ትሥራላት።

መምህራን፣ የናንተ ጉዳይ ይለያል፤ ኦ-ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚታጎር አውቃለሁ። ሁሉም በአንዴ አይጫወትም። አንድ ጥግ ለዩ፤ በሰው መሄጃ ላይ አይሁን፤ አራት አራት ልጅ በተራ ይግባ። ከፍ ላሉት፣ ስድስትና ሰባት ዓመት ለሞላቸው፣ የጀርባ ለጀርባ ጨዋታ አለ። ሁለት ልጆች ጀርባ ተሰጣጥተው ይቀመጣሉ፤ ለሁለቱም ተመሳሳይ አምስት ብሎክ ይሰጣል። አንዱ ይሠራል፤ እየሠራም ለሌላው በቃል ብቻ ይነግረዋል። ሲጨርሱ ዞረው ያስተያያሉ። ተናጋሪው “እዚያ ጋ” ካለ አድማጩ “እዚያ ጋ የት ነው?” ብሎ ይጠይቀው። ፊት ለፊት አታስቀምጧቸው፤ የፊት ለፊት ሰውን ቀኝና ግራ ለይቶ መናገር ለብዙ ልጆች ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት ይከብዳል። የጀበናውን ጥያቄም ለትንንሾቹ አታቅርቡባቸው።

ወላጆች፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አትፈትኑ። “ይህ ምን ዓይነት ቅርጽ ነው? ስንት ጎን አለው?” እያልን ጨዋታውን ወረቀት የሌለው ፈተና እናደርገዋለን፤ ልጁም ብሎኩን ትቶ ይነሳል። ከጎኑ ተቀምጣችሁ የራሳችሁን ሥሩ፣ እየሠራችሁ ለራሳችሁ ተናገሩ፤ “ይኼን ሰፊውን ከሥር ላድርገው፣ ጠባቡ ከላይ ይሁን።” ይሰማል። ሌላው፣ ሲመሽ የሠራውን አፍርሶ እንዲያነሳ ከማዘዛችሁ በፊት፣ እስከ ነገ ሊቆይ የሚችልበት ጥግ እንዳለ እዩ። በማግስቱ የሚመለስበት ሕንፃ ያለው ልጅ የትናንቱን ያሻሽላል። መነሳት ካለበት ግን ካርቶኑ ውስጥ ዝም ብሎ አይጣል፤ ረጃጅሞቹ ከታች አግድም፣ ግማሾቹ ከላይ ጎን ለጎን፣ ክዳኑ እስኪገጥም። ያ ራሱ የቀኑ የመጨረሻ ግንባታ ነው፤ ልጁ ይሥራው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ልጆች የሰፈራቸውን ካርታ እንዴት መሣል እንደሚጀምሩ እናያለን፤ እርሳስና አንድ ወረቀት አዘጋጅታችሁ ጠብቁን። ደህና ሰንብቱ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)